ቀባሪ ሞልቷል፣ ጧሪ የት ሄደ?

ወገኖቼ፣ የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ ቅር እንደምትሰኙብኝ እያወቅሁ ነው የምጽፈው። ተሰኙ።

ቀብር ላይ እኛን የሚያህል የለም። የእድር ጥሩምባ ሲነፋ ሁሉም ሥራውን ጥሎ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ድንኳን ይተከላል። ንፍሮ ይቀቀላል። አዲስ አበባ ያለው ልጅ ሚኒባስ ተከራይቶ ጓደኞቹን ጭኖ ይደርሳል። በአርባው ሰንጋ ይጣላል፣ ጠላ ይጠመቃል። ሟቹ አባት በመጨረሻው ዓመታቸው «ሥጋ አማረኝ» እያሉ ሲለምኑ የሰማ ጎረቤት እዚያው ቁጭ ብሎ ከሰንጋው ይበላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው።

በየምርቃቱ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» እንባባላለን። የቀባሪው ነገር አያሳስበኝም፣ ሞልቷል። ጧሪው ነው የጠፋው።

በየዓመቱ ሰኔ 8 በአረጋውያን ላይ የሚደርሰው ጥቃት በዓለም ዙሪያ የሚታሰብበት ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ቀኑን የተቀበለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 60 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች ከስድስቱ አንዱ በአንድ ዓመት ውስጥ የሆነ ዓይነት ጥቃት ይደርስበታል። «እሱ የፈረንጅ አገር ነገር ነው፣ እኛ ጋ የለም» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኛ ጋ የሌለው ከሳሽ ነው። የትኛዋ እናት ናት ልጇን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ የምትሄደው? ፊቷ አብጦ «ወድቄ ነው» ትላለች። ሰሚውም ይቀበላታል፣ ይሻለዋላ።

ጥቃት ሲባል ዱላ ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ዱላውም አለ። አብዛኛው ግን ድምፅ የለውም። ምግብ አሳንሶ መስጠት። መድኃኒት እያለቀ ዝም ማለት። ሽማግሌውን ቤት ቆልፎ ገበያ መዋል። «አንቺ አሮጊት፣ ምናለ ቢወስድሽ» ማለት። ጡረታቸውን ተቀብሎ መጠጫ ማድረግ። በማያውቁት ወረቀት ላይ አሻራ ማስነካት። ብቻዋን የምትኖር ባልቴትን አስገድዶ መድፈርም አለ፤ እሱን ስሙን ለመጥራት እንኳ ስለምናፍር ጭራሽ አይወራም።

አክብሮት ማሳየቱ ላይማ ማን ብሎን! ሽማግሌ ሲገባ «ኖር» ብለን እንነሳለን። ጉልበት እንስማለን። ጠብ ሲነሳ ሽማግሌ ያስታርቀን እንላለን። ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲመጣ ደግሞ የአርጎባውን አባት፣ የኦሮሞውን አባት፣ የመንዙን አባት በርኖሳቸውን አስለብሰን ፊት ረድፍ ላይ እንደረድራለን። ከበስተኋላ «ብዝኃነታችን ውበታችን ነው» የሚል ባነር ይሰቀላል። ፎቶ ይነሳል። ጭብጨባ ነው። ማታ እኒያው አባት ቤታቸው ሲደርሱ እራት መኖሩን የጠየቀ አለ?

ብዝኃነት እኛ ጋ ለበዓል የተፈጠረ ነገር አይደለም። ይፋት ላይ አርጎባው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ በአንድ ገበያ ሲገበያይ ነው የኖረው። አልዩ አምባ ከቆላው የመጣ አሞሌ ጨው፣ ከሐረር የመጣ ዕቃ ሲራገፍባት የነበረች ናት። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ለቅሶ የሚዳረስበት፣ ለሠርግ የየራሱ እርድ የሚዘጋጅበት ወግ ከመጽሐፍ የተቀዳ አይደለም። አዛውንቶች ናቸው ይዘውት የኖሩት። አርጎብኛን አሟልተው የሚናገሩት ዛሬ በአብዛኛው ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ናቸው። ልጆቻቸው አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ነው የሚያወሩት። እኒህን ሰዎች ጓዳ ጥለን የአርጎባን ባህል እናከብራለን ስንል ማንን ነው የምናታልለው?

አንድ ክረምት ደብረ ብርሃን አንድ ቤት ገባሁ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ለማያውቅ፣ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው። ነሐሴ ላይ አጥንት ይሰብራል። እንግዳ ነኝና ጉልበቴ ላይ የመንዝ ባና ጣሉልኝ። ከባድ ነው፣ የበግ ጠጉሩ ገና ይሸታል። ቡና እየጠጣን ከጓዳ ሳል ሰማሁ። «አባባ ናቸው፣ ጉንፋን ነው» አለች የቤቱ እመቤት። ልጠይቃቸው ብዬ ገባሁ። መደብ ላይ፣ በኬሻ ላይ ተኝተዋል። የለበሱት አንድ ጋቢ ነው፣ ያውም ጠርዙ የተተለተለ። እግራቸው ባዶ ነው፣ ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል። አጠገባቸው የተቀመጠው ሻይ ቀዝቅዟል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የሚያነሳላቸው ሰው ይፈልጋሉ፣ ያ ሰው አልመጣም።

ባናውን አምጥቼ ደረብኩላቸው። ቤቱ ቅር አለው። ገመና ገላጭ ሆንኩ።

እነዚያ ሰዎች ክፉ አይደሉም። ማኅበር ይጠጣሉ፣ ልጆቻቸውን ያስተምራሉ፣ ለማኝ በባዶ እጁ አይመልሱም። አባባ ከዓይናቸው ወጥተውባቸው ነው። አንድ ጣሪያ ሥር ያለ ሰው ከዓይን የሚወጣው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ከሁሉም ጋር መሶብ ላይ ይቀርባሉ። እጃቸው ወጥ ማንጠባጠብ ሲጀምር «ለሳቸው እንዲመች» ተብሎ ለብቻ በሰሃን ይቀርብላቸዋል። ከዚያ ሰሃኑ ወደ ጓዳ ይሄዳል። ከዚያ የሚሄደው ሌላው በልቶ ሲያበቃ ነው። ከዚያ አንዳንድ ቀን ይረሳል። እንዲህ እናድርግ ብሎ የወሰነ ማንም የለም። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ስሟ የታወቀ ከተማ ውስጥ ነው እኮ ይሄ የሚሆነው።

አሁን ወደ መሬት ልምጣ። ትልቁ ጉድ ያለው እዚህ ነው።

ገጠር ያሉ ባልቴት ሀብታቸው መሬታቸው ነው። በሬ የላቸውም፣ ጉልበት የላቸውም። ስለዚህ ለእኩል ይሰጣሉ። አራሹ ሲያካፍል እሳቸው አውድማ ላይ ቆመው አይቆጥሩም። የመጣላቸውን ይቀበላሉ። ዘንድሮ ዋግ መታው ከተባሉ መታው ነው። እዚህ ድረስ ያለው ሌብነት ትንሹ ነው።

ቀጥሎ የወንድም ልጅ ይመጣል። ወይ የእህት ልጅ፣ ወይ የገዛ ልጅ። «እትዬ፣ ምን ያለፋዎታል? ደብተሩን ወደኔ ያዙሩልኝና እኔ እጦርዎታለሁ» ይላል። መሬትን ለሚጦር ሰው በስጦታ ማስተላለፍ ነውር የለበትም። ስንቱ አዛውንት በዚህ መንገድ በክብር ተጡሯል። የምናገረው ስለ ሌላው ነው። ያን ቀን አዲስ ሻሽ ይገዛላቸዋል። በባጃጅ ይሄዳሉ። ሻይ በዳቦ ይጋበዛሉ። ምስክሮቹ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ሁሉም የሱ ጓደኞች ናቸው። ወረቀቱ በጥድፊያ ይነበባል። እትዬ ግማሹን አልሰሙም፣ ጆሯቸው ከብዷል። አውራ ጣታቸው ቀለም ይነከራል። አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ስሙ ከዞረ በኋላ እትዬ ሸክም ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ዳር ይያዝላቸዋል። ሚስቱ ትነጫነጫለች። አንድ ቀን ጻድቃኔ ማርያም ፀበል ላድርስዎት ብሎ ይዟቸው ይሄዳል፣ ሲመለስ ብቻውን ነው። በየደጀ ሰላሙ እጃቸውን ከሚዘረጉት መካከል መሬት ያላቸው፣ ልጅ የወለዱ፣ ስማቸው በአገሩ የተከበረ ሰዎች አሉ። እኛም ሳንቲም ጣል አድርገንላቸው ጽድቅ አገኘን ብለን እንመለሳለን።

ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። የቤተሰብ ሕጋችን ልጅ አቅም ላጣ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት ይላል። ቀለብ ሲባል እንጀራ ብቻ አይደለም። መጠለያውም፣ ልብሱም፣ ሕክምናውም አለበት። ስለዚህ ጉዳዩ ለጽድቅ የሚደረግ ብቻ አይደለም፣ ፍርድ ቤት የሚያስቆም ዕዳ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። አቅሙ የፈቀደውን መጠን እናውቀዋለን፣ ስለዚህ ወደ ልጅ እንመለስ።

ሳዑዲና ቤይሩት ያላችሁ እህቶቼ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ላባችሁን ጠብ አድርጋችሁ «ለእማዬ መድኃኒት» ብላችሁ የምትልኩት ብር ሁልጊዜ እማዬ ጋ አይደርስም። የባጃጅ ቅድመ ክፍያ የሆነ አለ። የጫት የሆነ አለ። ስትደውሉ እማዬ «ደህና ነኝ ልጄ፣ ሁሉም ሙሉ ነው» ትላችኋለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ የያዘላት ብሩን የበላው ነውና ሌላ ምን ትበል? ለጎረቤት ደውሉ። ለነፍስ አባቷ ደውሉ። እሷንም ሌላ ሰው በሌለበት አናግሯት። የጡረታ ደብተርና የኤቲኤም ካርድ የያዘ ልጅ፣ የሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ በእናቱ ስም የሚቀበል ልጅም እንዲሁ መጠየቅ አለበት። ጥያቄ ገንዘቡን ለባለቤቱ ያደረሰውን ሰው አይጎዳም፣ ያላደረሰውን ነው የሚያስደነግጠው።

ሌላው ደግሞ የመርሳት በሽታ ነው። አባት የገዛ ልጃቸውን ስም ይረሳሉ። ሌሊት ተነስተው በር ይከፍታሉ። የበሉትን አልበላሁም ይላሉ። «ሰይጣን ሰፍሮባቸዋል» ይባላል፣ ወይም «ሆን ብለው ሊያሰድቡን ነው»። ከዚያ ገመድ ይመጣል። ፀበሉን አልቃወምም፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ድረስ ወስዳችሁ አስጠምቁ። ግን ሐኪምም ይያቸው፣ ገመዱም ይፈታ። በሽታው አንጎል ላይ የሚደርስ በሽታ ነው፣ በቁጣና በኩርኩም አይመለስም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 3 ላይ አባትህ አእምሮው ቢደክም እንኳ ታገሠው የሚል ምክር አለ። ቁርኣንም ወላጆች አንተ ዘንድ ሲያረጁ «ኡፍ» እንኳ አትበላቸው ይላል። ይፋት ላይ ሁለቱም በየሳምንቱ ይሰበካሉ። ከዚያ ወጥተን ቤት እንገባለን።

ብዝኃነት ያልኩትን አልጨረስኩም። እርጅና ሁሉንም እኩል አያገኝም። አንዳንዱን ቀድሞ በቆሰለበት ነው የሚመታው። ሸክላ ስትሠራ የኖረችን ሴት አስቡ። ማሰሮዋን ገዝተን፣ ጀበናዋን ገዝተን፣ ሲመሽ ግን «ቡዳ ናት፣ ልጁን እንዳታይብህ» እንላለን። ወጣት ሳለች ቢያንስ ዕቃዋ ይፈለጋል። ስታረጅ ጭቃ መርገጥ አትችልም፣ ዕቃውም የለም፣ የሚቀረው ስሙ ብቻ ነው። የታመመ ሕፃን ባለበት መንደር ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ሸክላ ሠሪ መሆን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሳደበውን የሚያወግዝ አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። እኛ የሳቸው አገር ልጆች ነን እያልን ፎክረን የሳቸውን አዋጅ አልሰማንም።

ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የተጠለሉ አዛውንቶችም አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ያረሱትን መሬት፣ ያሳደጉትን ከብት፣ አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ትተው የመጡ። በዚያ ዕድሜ ዕርዳታ ለመቀበል ሰልፍ ላይ ይቆማሉ። ጉልበተኛው ይቀድማቸዋል። ሰልፍ የምታስይዙ ወጣቶች፣ ሽማግሌን ከኋላ አታቁሙ። አማርኛ በቅጡ የማይናገሩ ኦሮሞ እናት ወይም አፋር አባት ሐኪም ቤት ሲመጡ ደግሞ የሚያስተረጉምላቸው አጥተው ሕመማቸውን ሳይናገሩ ይመለሳሉ። ኮሪደሩ ላይ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ግን አይጠፋም። ተነሳና አስተርጉም። ብዝኃነትን ማክበር ለኔ እንዲህ ያለው ነው። ሽርጥና ጭፈራውን አልጠላሁም፣ ይቀጥል። ግን ይሄ ይቅደም።

«ኑሮው ከብዶናል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። አለመረጋጋቱም አለ፣ የዘይቱም ዋጋ አለ፣ ሁሉንም አውቃለሁ። አዛውንት መጦር ያደክማል። ሌሊት ሦስት ጊዜ የሚነሱ አባት ያላት ሴት እንቅልፍ የላትም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይሄ ሥራ የሚወድቀው በምራት ወይም ባላገባች ሴት ልጅ ላይ ነው። አምስት ወንድም ያላት ልጅ ብቻዋን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታነሳለች። ወንድሞቿ ለፋሲካ መጥተው «እማዬ ከስታለች፣ ምን እያበላሻት ነው?» ብለው ይቆጧታል። አፈሩ ይብላችሁ አልልም፣ ግን ዕፈሩ። ገንዘብ ላኩ። ካልቻላችሁ ወር ወር ተራ ግቡ። ይሄን ካላደረጋችሁ ዝም በሉ። ተንከባካቢዋ ስትሰባበር ነው ብዙው ስድብና ግልምጫ የሚመጣው።

መቄዶንያን የመሰለ ማዕከል በመኖሩ እኮራለሁ። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መፈክራቸው ቤተ ክህነትና መስጊድ ግድግዳ ላይ ቢጻፍ ደስ ይለኛል። ግን ሌላ ሰው የሚሰበስብልን ስለተገኘ ወላጅ መጣል ቀለለን ማለት አይደለም። እነሱ የሚያነሱት ማንም የሌለውን ነው። ያንተ እናት አንተ አለሃት።

«የሰው ገመና ውስጥ ምን ያስገባኛል?» የሚለውም አለ። አጥር ላጥር የምንኖር ሰዎች ነን። ጎረቤት ዶሮ ስንት እንቁላል እንደጣለች እናውቃለን። የእማማ ጩኸት ላይ ሲደርስ ብቻ ጆሮ ዳባ ልበስ ይሆናል?

የእድር ዳኞች፣ መዝገባችሁ ላይ የአባላቱ ስም ሁሉ አለ። የሸመገለው ማን እንደሆነ፣ ብቻውን የሚኖረው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከወርሃዊው መዋጮ ጥቂቱን ለቁም ሰው አውሉት። በወር አንድ ቀን ሁለት ሰው ተመድቦ ይጎብኛቸው፣ ጓዳ ድረስ ይግባ። ሳሎን ተቀምጦ ቡና ጠጥቶ የሚወጣ ጎብኚ ምንም አያይም። የነፍስ አባቶች፣ እናንተ በየቤቱ ጠበል ትረጫላችሁ፣ ከእናንተ የሚደበቅ ጓዳ የለም። አዛውንቱን ለብቻቸው አነጋግሩ፣ ልጁን ደግሞ ገሥጹት፣ ቀኖና ስጡት። መሻይኾችም እንዲሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የሕፃኑን ክብደት ስትመዝኑ አያቱንም ዞር ብላችሁ እዩ። ሰውነቱ ላይ በለዝ ያለበት፣ ልጁ ሲገባ ንግግሩን የሚያቋርጥ ሽማግሌ ካያችሁ ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ንገሩ። ድብደባ ከሆነ ለፖሊስ ነው።

የመሬት አስተዳደር ሠራተኞች፣ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ለስጦታ ውል ሲመጡ ስጦታ ተቀባዩንና ያመጣቸውን ምስክሮች ከቢሮ አስወጡ። በሩን ዝጉ። ወረቀቱን በሚሰሙት ድምፅ፣ በሚያውቁት ቋንቋ፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡላቸው። ምን እንደሆነ መልሰው ይንገሯችሁ። የት እንደሚኖሩ፣ ማን እንደሚያበላቸው፣ ባይጦራቸው ምን እንደሚሆን በውሉ ላይ ይጻፍ። ካልገባቸው ለሳምንት ቅጠሩ። ልጁ «ቀን አታጉላሉን፣ ከሩቅ ነው የመጣነው» ብሎ ቢጮህም ቅጠሩ።